አጎቴ የተቀጣበት ጠመንጃ



ባለፈው ሳምንት አሜሪካ የሚኖር አንድ የድሮ ተማሪዬ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። አንድ የጦር ሙዚየም ገብቶ ያነሳው ነው። መስታወት ውስጥ የተጋደመ ኤም ዋን ጠመንጃ። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ቲቸር፣ ይቺን መቼም ያውቋታል። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሌላው ብረቷ ሁሉ አመድማ ሆኖ ከአፈሙዟ ሥር ያለችው ቱቦ ብቻ ለምን ታበራለች? ፍቀዋት ነው?»

ፎቶውን አይቼ ቶሎ መልስ መስጠት አቃተኝ። ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ ያኔ ግን ጥያቄ ሳይሆን ክስ ነበር።

አጎቴ በጃንሆይ ጊዜ ወታደር ነበር። ምሥራቅ፣ ኦጋዴን በረሃ ውስጥ አገልግሏል። ያነገተው ደግሞ ይህንኑ ኤም ዋን ነው። አንድ ቀን የመሣሪያ ፍተሻ ላይ አንድ መኮንን ጠመንጃውን ተቀብሎ አገላብጦ አየና የጋዝ ቱቦው ማብራቱን ተመለከተ። «ይህን የመንግሥት ንብረት በአሸዋ ፍቀህ ቀለሙን ገፈሃል» አለው። አጎቴ «ጌታዬ፣ በጨርቅና በዘይት ብቻ ነው የወለወልሁት» ቢል ማን ሰምቶት! ጠመንጃውን ከራሱ በላይ አንስቶ ፀሐይ ላይ እንዲቆም ተደረገ፤ ደመወዙም ተቆረጠ። ይህን ታሪክ በየዓመት በዓሉ፣ ቡና ሲፈላ፣ ሳይጠየቅ ይነግረን ነበር። ሁልጊዜ የሚጨርሰው «እኔ አልፋቅሁትም» ብሎ ነው። እኛ ልጆቹ ደግሞ እንስቅበት ነበር። እኔም ጭምር። «ጋሼ፣ ዛሬም ቱቦው አልለቀቀህም?» እንለው ነበር።

አጎቴ ካረፈ ቆይቷል። እውነቱን ያወቅሁት ከሞተ በኋላ፣ ለሌላ ጉዳይ ስለ ጦር መሣሪያ ታሪክ ሳነብ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ለተማሪዬ የምሰጠው መልስ ነው፤ ግማሹ ግን ለጋሼ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ። (የኬሚስትሪ መምህራን ወዳጆቼ ደግሞ ስሳሳት አርሙኝ። እኔ የታሪክ ሰው ነኝ።)

ነገሩ ከዝገት ይጀምራል። ጠመንጃ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ውኃ፣ ላብና ጨው ካገኘ ይዝጋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ጠመንጃን ክፉኛ የሚያዝገው ዝናብ ሳይሆን ራሱ ጥይቱ እንደነበረ ነው። የአድዋ ዘመን ጠመንጃዎች፣ ውጅግራውን ጨምሮ፣ አብዛኞቹ የሚተኩሱት በጥቁር ባሩድ ነበር። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል የሚተወው ጥቀርሻ እርጥበት ይስባል። በኋላ ጭስ አልባው ባሩድ መጣና ሰው ሁሉ ተገላገልን አለ። አልተገላገሉም። የጥይቱ መለኮሻ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ነገር ነበረበት። እሱ ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ ይሆናል። ይህ የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። አፈሙዙ ውስጥ ይቀመጥና ከአየሩ ውኃ እየጠጣ ያድራል። ዛሬ ተኩሰህ ሳታጥበው ብታድር ነገ ጠዋት ውስጡ ቀልቶ ታገኘዋለህ። ዘይት ብቻውን አያድንም፤ ጨው የሚሟሟው በውኃ እንጂ በዘይት አይደለም። ለዚህ ነው በዚያ ዘመን ወታደር ከተኩስ በኋላ ጠመንጃውን በሳሙና ውኃ ወይም ለዚሁ በተዘጋጀ ፈሳሽ እንዲያጥብ፣ ከዚያም ለተከታታይ ቀናት እየደጋገመ እንዲወለውል የሚታዘዘው። እኛ ሥርዓት ማስያዣ ይመስለን ነበር፤ ነገሩ ግን ጨው ማጠብ ነው።

ታዲያ ውጪውንስ? የጥንቱ ዘዴ ማጥቆር ነው። አሠራሩ ያስገርማል፦ ብረቱን ሆን ብለው ያዝጉታል። ቀይ ዝገት ሲያወጣ ውኃ ውስጥ ይቀቅሉታል፤ ቀዩ ወደ ጥቁር ይለወጣል። ልል ልሉን በብሩሽ ያራግፉና እንደገና ያዝጉታል፣ እንደገና ይቀቅሉታል። ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ያ የምናውቀው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ይወጣል። ዝገትን በዝገት መከላከል በሉት። መልኩ እጅግ ያምራል። ጉልበት ግን የለውም። በጣም ስስ ስለሆነ እጅ በሚይዝበት፣ ማንገቻው በሚፈገፍግበት፣ አፈሙዙ ከመሬት በሚነካካበት ቦታ ቶሎ ይለቃል። ዘይት ካልተቀባም ብዙ አይከላከልም። ለአደን ጠመንጃ ይበቃል፤ ምሽግ ውስጥ ለሚያድር ጠመንጃ አይበቃም።

በ1906 (እ.ኤ.አ.) ቶማስ ኮስሌት የሚባል እንግሊዛዊ ብረትን በፎስፎሪክ አሲድ መታጠቢያ ውስጥ አፍልቶ የመሸፈን ዘዴ አስመዘገበ። ዘዴው አሜሪካ ገብቶ ተሻሻለና በ1915 ዲትሮይት ውስጥ ፓርከር የሚባል ኩባንያ ተመሠረተበት። ፓርከራይዚንግ የሚሉት እሱን ነው። የአሜሪካ ጦር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ስፕሪንግፊልድ ጠመንጃዎቹን በዚህ መሸፈን ጀመረ፤ ኤም ዋንም ሲመጣ ይህንኑ ለበሰ። አመድማ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ቢጤ መልክ ያለው፣ ሲዳስሱት ሸከር የሚል ነው። ቀለም አይደለም። አሲዱ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው ደቃቅ የፎስፌት ክሪስታል ነው፤ ብረቱን ነክሶ ይይዛል። አያብለጨልጭም፤ ይህም ለወታደር ትልቅ ነገር ነው። ዋናው ብልሃቱ ግን ሌላ ነው፦ እንደ ስፖንጅ ዘይት ይጠጣል። ፎስፌቱ ብቻውን፣ ያለ ዘይት፣ ጨዋማ እርጥበት ውስጥ ቢቀመጥ በሰዓታት ውስጥ ሊዝግ ይችላል። ዘይት ሲጠግብ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ስለዚህ ሽፋኑ ግማሽ፣ የወታደሩ እጅ ግማሽ ነው።

አሁን ወደ ጋሼ ቱቦ እንምጣ።

ኤም ዋን ሲተኮስ ከጥይቱ ኋላ ከሚገፋው ትኩስ ጋዝ ጥቂቱ ከአፈሙዙ ጫፍ አጠገብ ባለች ቀዳዳ ወደ ታች ይወርድና እዚያች ቱቦ ውስጥ ይገባል። የሚቀጥለውን ጥይት የሚያቀባብለው ያ ግፊት ነው። ይህ ማለት ቱቦዋ ያንን ጨዋማ ጋዝ በእያንዳንዱ ተኩስ ትጠጣለች ማለት ነው። ተራ ብረት ብትሆን ውስጧ ተበልቶ ያልቅ ነበር። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ከማይዝግ ብረት፣ ከስቴንለስ፣ ሠሯት። ጥሩ አስበዋል! ችግሩ ስቴንለስ አሲድን የሚቋቋም በመሆኑ ፎስፌቱ አይይዘውም። ያው የማይዝግበት ምክንያት ሽፋኑንም እንዳይቀበል ያደርገዋል። እንዳያብለጨልጭ በሌላ መንገድ ያጠቁሩታል፤ ያ ጥቁር ግን እንደ ፎስፌቱ ነክሶ አይይዝም። በሙቀት፣ በእጅ፣ በጨርቅ፣ በመወልወል ብዛት ይለቃል። ከሥሩ የሚወጣው ነጭ የሚያበራ ስቴንለስ ነው።

ገባችሁ? ቱቦው የሚያበራው ወታደሩ ስለፋቀው አይደለም። እንዲያውም ትጉህ ወታደር እጅ የገባ ጠመንጃ ቱቦው ቶሎ ነው የሚያበራው። አጎቴ የተቀጣው ጠመንጃውን በደንብ ስለወለወለ ነው!

መኮንኑን ክፉ ነበር ልል አልፈልግም። እሱም አያውቅም፤ ማንም አልነገረውም። የሚያየው አመድማ ጠመንጃ ላይ አንድ ነጭ ቦታ ነው። ግን ደግሞ ሲጠረጥር መጀመሪያ የጠረጠረው ጠመንጃውን አይደለም፤ ሰውየውን ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

በነገራችን ላይ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የታጠቀውም ይህንኑ ኤም ዋን ነበር፤ አሜሪካኖቹ እዚያ ነው ያስታጠቁት። የኮሪያ ክረምት ከዜሮ በታች ከሃያ ዲግሪ አልፎ ይወርዳል። እዚያ ብርድ ውስጥ ዘይት እንደ ሙጫ ይረጋል፣ ጠመንጃው ይሰንፋል። ስለዚህ ወታደር ዘይቱን እንዲቀንስ ይመከራል። ዘይቱ ሲቀንስ ደግሞ ያ ፎስፌት የሚጠጣውን ያጣል፤ በረዶው ሲቀልጥ ይረጥባል፣ ይዝጋል። ከኢትዮጵያ ደጋና ቆላ የሄደ ሰው ይህን ሁሉ በጓንት እጁ ሲያመዛዝን አስቡት።

አሁን ደግሞ ክሮም። ውጪውን ተዉት፤ የጠመንጃ ዕድሜ የሚወሰነው በአፈሙዙ ውስጥና ጥይቱ በሚያርፍበት ክፍል ነው። (ይህን ክፍል «የጥይት ማደሪያ» እያልሁ እቀጥላለሁ።) እዚያ ፎስፌትም ማጥቆርም ዋጋ የላቸውም። ክሮም ግን አይዝግም፣ ጠንካራ ነው፣ ያንሸራትታል። አፈሙዙን መጀመሪያ ከልኩ ትንሽ አስፍተው ይበሱታል፤ ከዚያ በኤሌክትሪክ ኃይል ክሮሙን ከውስጥ ይለብጡታል። ከሚሊሜትር መቶኛዎች የማያልፍ ውፍረት ነው። ወረቀት ማለት ነው። ዘላለማዊም አይደለም። በብዙ ተኩስ ሙቀት ይሰነጣጠቃል፤ መጀመሪያ የሚላጠው ጥይቱ ከማደሪያው ወጥቶ አፈሙዙ ውስጥ የሚገባበት አፍ ላይ ነው፤ ከሁሉ የሚግለው እሱ ስለሆነ። እዚያ እስኪደርስ ግን ብዙ ሺህ ጥይት ይተኮሳል።

ጃፓኖች ይህን ቀድመው ነቅተውበታል። በ1939 (እ.ኤ.አ.) የተቀበሉት ታይፕ 99 አሪሳካ አፈሙዙ ውስጡ ክሮም የተለበጠ ነበር። ጦርነቱ ሲከብድባቸው፣ ቁሳቁሱ ሲያልቅ ተዉት። ሶቪየቶችም ክላሽን ሲሠሩ አፈሙዙንና የጥይት ማደሪያውን በክሮም ለበጡ፤ ጋዙ የሚመታውን ፒስተን ሳይቀር። ጥይታቸው ለብዙ ዓመታት ያው ጨዋማ መለኮሻ ያለው ስለነበር ያለ ክሮም አይሆንላቸውም። አሜሪካኖቹስ? እነሱም ከፓሲፊክ ደሴቶች ሙቀትና እርጥበት ተምረው በ1957 የተቀበሉትን ኤም 14 ጠመንጃ ውስጡን ክሮም አልብሰውታል። ከዚያም በፊት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ለትንሿ ኤም ዋን ካርባይን ጨው የማይተው ጥይት እንዲሠራ አዘዋል፤ ምክንያቱም የካርባይኗን የጋዝ ክፍል ወታደሩ በቀላሉ ፈቶ ሊያጥበው አይችልም። እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ ያውቁበት ነበር ለማለት ነው።

ለዚህ ነው ቀጥሎ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲሱ ኤም 16 መጣ። ዩጂን ስቶነር የነደፈው፣ አካሉ አሉሚኒየም፣ ቀላል፣ ጥይቱ ትንሽ። ጦሩ ሲቀበለው አፈሙዙና የጥይት ማደሪያው ክሮም አልነበራቸውም። ጠባብ አፈሙዝ ውስጥ ክሮም መለበጥ አስቸጋሪ መሆኑ እውነት ነው። ግን ከሱ በፊት የነበረው የራሳቸው ጠመንጃ የነበረውን ነገር አውልቀው ወደ ቬትናም ጫካ፣ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ወደሆነ አገር ላኩት። በላዩ ላይ በ1964 የጥይቱን ባሩድ ቀየሩት። አዲሱ ባሩድ ጠመንጃውን ከታሰበለት በላይ ያስሮጠዋል፤ በውስጡም ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ኖራ ድንጋይ ያለበት፣ ጥቀርሻው የበዛ ነበር። ሦስተኛ፣ «ይህ ጠመንጃ ብዙ መወልወል አይፈልግም» የሚል ወሬ ተናፈሰ። መወልወያ ዘንግ፣ ብሩሽ፣ ዘይት ለሁሉም አልደረሰም።

በኅዳር 1965 (እ.ኤ.አ.) ኢያ ድራንግ ሸለቆ በተደረገው ውጊያ ጠመንጃው ጥሩ ሠርቷል፤ አዛዦች አመስግነውታል፤ ጄኔራል ዌስትሞርላንድም ብዙ ተጨማሪ እንዲላክለት ጠየቀ። እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ጠመንጃዎቹ አዲስ ነበሩ። ዝገት ጊዜ ይፈልጋል። ወራት ሲያልፉ በጥይት ማደሪያው ግድግዳ ላይ ዝገቱ ጥቃቅን ጉድጓዶችን ቆፈረ። ጥይት ሲተኮስ ቀለሁ በግፊቱ ይለጠጥና ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፤ ግድግዳው ለስላሳ ከሆነ ወዲያው ይለቃል። ጉድጓድ ካለበት ግን ናሱ እዚያ ውስጥ ይገባና ይነክሳል። ቀለሁን የሚጎትተው መንጠቆ ይስባል፣ ይስባል፣ ጠርዙን ቀዶ ባዶውን ይመለሳል። ቀለሁ እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለው መፍትሔ አንድ ብቻ ነው፦ ዘንግ ፈልጎ በአፈሙዙ በኩል ወደ ኋላ መምታት። ልክ እንደ ጥንቱ ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ። ጠላት ፊትህ ሆኖ። ዘንጉ ደግሞ የለህም፤ ካለም ሦስት ጉድጓድ ማዶ ካለው ጓደኛህ ዘንድ ነው።

በ1967 ጸደይ ማሪኖቹ ይህን ጠመንጃ ይዘው ኬ ሳን አጠገብ ባሉት ኮረብቶች፣ 861 እና 881 በሚባሉት፣ ገጠሙ። ከዚያ የተላከ የአንድ ማሪን ደብዳቤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ በአሜሪካ ምክር ቤት ተነበበ። ከሞቱት ብዙዎቹ የተገኙት ጠመንጃቸው አጠገባቸው ተፈታቶ፣ ሊጠግኑት ሲሞክሩ እንደነበር የሚናገር ደብዳቤ ነው።

ታዲያ መጀመሪያ የተሰጠው መልስ ምን መሰላችሁ? «ወታደሩ መሣሪያውን አልወለወለም» የሚል። ጥፋቱ የወታደሩ ሆነ። ጋሼን አስታወሳችሁ? እሱ ወልውሎ «ፋቅህ» ተባለ፤ እነዚህ መወልወያ ሳይሰጣቸው «አልወለወላችሁም» ተባሉ። መቼም አለመወልወላቸው ሐሰት ነው አልልም፤ ብዙ ጠመንጃ ቆሽሾ ተገኝቷል። ግን ንጹሕ ጨርቅ አንዴ የተቦረቦረ ብረት አይሞላም።

ጉዳዩን የመረመረው ሪቻርድ አይኮርድ የሚባል የሚዙሪ ተወካይ የመራው የምክር ቤቱ ንዑስ ኮሚቴ ነበር። በጥቅምት 1967 ሪፖርቱን ሲያወጣ ነገሩን ወደ ወንጀል የተጠጋ ቸልተኝነት እስከማለት ደርሷል፤ ባሩዱ ያለ በቂ ጥንቃቄ መቀየሩንም ነቅፏል። በዚያው ዓመት የጥይት ማደሪያው ክሮም መለበጥ ጀመረ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደግሞ አፈሙዙ በሙሉ። መወልወያው ተላከ። በ1968 ደግሞ ወታደሩ እንዲያነበው ተብሎ የአያያዝ መመሪያው በካርቱን መልክ ታተመ፤ ሠዓሊው ዊል አይስነር ነው፣ በዚህ ሙያ አንጋፋ የሆነው። ጠመንጃው ዳነ። ዛሬም አለ። የክሮሙ ውፍረት ግን ያው መቶኛ ሚሊሜትር ነው።

እዚህ እኛ አገር ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ሶቪየቶች ሲመጡ ኤም ዋን በክላሽ ተተካ። በየገጠሩ የምታዩትን አሮጌ ክላሽ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ውጪው ጥቁሩ ለቆ፣ ጫፍ ጫፉ ነጥቶ፣ ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሮ። «ይቺ አርጅታለች» ትላላችሁ። ውስጧን ብታዩ ግን ብዙ ጊዜ ክሮሙ እንደ መስታወት ነው። ከኤም 16 ጋር ሲነጻጸር ተገላቢጦሽ ማለት ነው፤ ያኛው ውጪው አምሮ ውስጡ ነበር የሚበላው።

ለተማሪዬ ይህንን ሁሉ አሳጥሬ መለስሁለት፦ «አልፋቁትም። ስቴንለስ ነው።» «እሺ ቲቸር» ብሎ አውራ ጣት ላከልኝ፤ በቃ። የዛሬ ልጆች!

ፎቶውን ግን ለአጎቴ ልጅም ላክሁላት፤ ከነማብራሪያው። ማታ ደወለችልኝ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አባባ ስንት ብር ነበር የተቆረጠበት?» አለችኝ።

ሦስት ብር። ለሦስት ወር።